ያልተቆጠረ ንብረት ግማሽ የለውም

ለፎገራ ወረዳና ለወረታ ከተማ መሥሪያ ቤቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለፎገራ ወረዳ ፍርድ ቤት፣ ለገጠር መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት፣ ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ ለወረታ ከተማ አስተዳደር፣ እንዲሁም በወረታ ለምትገኙ ባንኮች፣ የብድርና ቁጠባ ተቋማትና የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

የምተዳደረው ማመልከቻ በመጻፍ ነው። ባለጉዳይ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ይህን ደብዳቤ ግን ማንም አላጻፈኝም፤ በራሴ ስም ነው የጻፍኩት። የምጠይቀውም አንድ ነገር ነው፦ በፎገራ ሜዳ የፍቺ ማመልከቻ ፍርድ ቤት በገባበት ዕለት፣ በማሳው ላይ የቆመው ሩዝ፣ በጎተራ ያለው እህል፣ በባንክ ያለው ገንዘብና ባልና ሚስቱ ያለባቸው ዕዳ ይመዝገብ። ክፍፍሉ እስኪያልቅም ከሁለቱ አንዳቸው ለብቻው አይንካው።

ለምን ይህን እንደምጠይቅ ከሥራዬ ልነሳ። ሴቶች የፍቺ ማመልከቻ ሊያጽፉ ሲመጡ «አብራችሁ ያፈራችሁት ንብረት ምንድን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። አብዛኞቹ ከጓዳቸው ይጀምራሉ፤ ምጣዱን፣ ድስቱን፣ ጀሪካኑን፣ አልጋውን ይቆጥራሉ። ቀጥለው ወደ በረት ይሻገራሉ፤ በሬውን በመልኩ፣ ላሟን በወለደችበት ወር ይነግሩኛል። ቤቱ ባለ ስንት ቆርቆሮ እንደሆነ አንድም አይስቱም። የመሬት ደብተሩን ከነጠላቸው ሥር አውጥተው የራሳቸውን ፎቶ በጣታቸው ያሳዩኛል። ከዚያ «የሩዙ ብርስ?» ስላቸው ዝም ይላሉ። «የሽንኩርቱስ?» «እሱ ነው የሚያውቀው።» በየትኛው ባንክ፣ በማን ስም፣ ስንት እንዳለ ብጠይቅ መልስ የለም። የውሃ መሳቢያ ሞተሩ የተገዛበት ደረሰኝ በማን ስም እንደሆነ አያውቁም። ወረታ ላይ ቦታ ተገዝቷል ሲባል ሰምተዋል፤ በወንድሙ ስም ይሁን በራሱ፣ አላዩትም።

ዝርዝሩን እንደነገሩኝ እጽፋለሁ። ፍርድ ቤቱም ሊያካፍል የሚችለው በዝርዝሩ የተጠቀሰውንና ማስረጃ የቀረበበትን ነው።

ሕጉ ደካማ ነው የሚል ሰው ካለ አልስማማም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ የጋራ ንብረቱን አስተዳደር ለእሱ ሰጥቶት ነበር። ያ በ1992 ዓ.ም በተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213፣ ተሽሯል። የአማራ ክልላችንም በ1995 ዓ.ም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79 ሲያወጣ በዋና ዋና ነገሮች ይህንኑ ተከትሏል። የፌዴራሉ ሕግ አንቀጽ 63 ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ ነው ብሎ ይነሳል፤ «የግሌ ነው» የሚል ወገን ነው ማስረዳት ያለበት። አንቀጽ 90 ደግሞ የጋራ ንብረት እኩል ይካፈላል ይላል። ጎረቤታችን ኬንያ እንኳ እዚህ አልደረሰችም። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የኬንያ የጋብቻ ንብረት ሕግ ድርሻን ከአስተዋጽኦ ጋር ያያይዘዋል፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጋብቻ በራሱ ግማሽ በግማሽ አያሰጥም፣ እያንዳንዱ ያዋጣውን ያስረዳ ብሎ ወስኗል። የፎገራ ሴት ስንት ቀን ጭቃ ውስጥ ቆማ ሩዝ እንዳረመች ማስረዳት አይጠበቅባትም። ግማሹ በሕግ የእሷ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ የምን ግማሽ እንደሚደርሳት ነው።

የእኛ አገር የጋብቻ ሀብት ከሩዙ ወዲህ ተለውጧል። በ1970ዎቹ ዓ.ም በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ማኅበራት ማሳ ላይ የተጀመረው ሩዝ ዛሬ የርብና የጉማራ ወንዞች የሚያጥለቀልቁትን ሜዳ ሸፍኖታል። ድሮ ክረምቱን ውሃ የሚተኛበትና ከብት የሚሰማራበት መሬት ገንዘብ ሆነ። ሩዙ ሲነሳ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል፤ ሞተር ያለው ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል። ሀብቱ እንደ ድሮው በረት ውስጥ ብቻ ቢሆን ጎረቤትም ይቆጥረው ነበር። አሁን ግን ሩዙ ወረታ መፈልፈያ ገብቶ በዚያው ለነጋዴ ይሸጣል፤ ብሩ ወይ ሻጩ ኪስ ይገባል ወይ በስልኩ ይላካል። ሚስት ቤት ሆና የምታየው ባዶ ጆንያው ሲመለስ ነው።

አሁን የቀን መቁጠሪያውን እዩልኝ። የፍቺ ጥያቄ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ተጋቢዎቹ እንዲያስቡበት እስከ ሦስት ወር ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ለማስታረቅ የታሰበ ነው፤ አልቃወመውም። ነገር ግን ማመልከቻው በጥቅምት ገብቶ ሦስት ወሩ ቢሰጥ ቀጠሮው ጥር ላይ ይውላል። ሩዙ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ተፈልፍሎ፣ ተሽጦ አልቋል። ጥር ላይ ንብረት ቆጣሪ ቢላክ የሚያገኘው የሩዝ ገለባ ነው። ሕጉ ይህንን አስቀድሞ አስቦበታል፤ የፌዴራሉ ሕግ አንቀጽ 82 ፍርድ ቤቱ የፍቺ ጥያቄ ሲቀርብለት ስለ ተጋቢዎቹ መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆቹ አጠባበቅና ስለ ንብረቱ አስተዳደር ወዲያውኑ ተገቢውን ትእዛዝ እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህ የምጠይቀው አዲስ አዋጅ እንዲወጣልን አይደለም። ይህ ትእዛዝ ሴትየዋ ጠበቃ ኖሯት ስትጠይቅ ብቻ የሚሰጥ ሳይሆን መዝገብ በተከፈተ ቁጥር የሚሰጥ ይሁን ነው የምለው። ቀበሌው ሁለት ሰው ልኮ ማሳውን ይይ፤ ጥማዱን፣ ሰብሉንና የበሬውን ቁጥር ይጻፍ፤ ለባንኮቹም የዚያን ቀን ሒሳብ እንዲያሳውቁ ደብዳቤ ይሂድ።

የተከበራችሁ ዳኞች፣ ይህን ያህል የምጨቀጭቃችሁ የክፍፍሉ ቀን ለእነዚህ ሴቶች ሁሉም ነገር ስለሆነ ነው። የቤተሰብ ሕጋችን ቀለብ የሚቆርጠው ለልጅ ነው፤ ከፍቺ በኋላ ለቀድሞ ሚስት ወር በወር የሚከፈል መተዳደሪያ የለንም። ያን ቀን ያልተቆጠረ ነገር በኋላ በሌላ በር አይመጣም።

የተቆጠረውም ቢሆን ለወንዱና ለሴቷ እኩል አይበረክትም። ሒሳቡን ላስቀምጠው። አራት ጥማድ መሬትና አንድ ጥማድ በሬ ያላቸው ባልና ሚስት ተፋቱ እንበል። ሁለት ሁለት ጥማድ መሬት፣ አንድ አንድ በሬ ደረሳቸው። እሱ በሬውን ከጎረቤቱ በሬ ጋር በመቀናጆ አጣምሮ ሁለቱን ጥማድ ያርሳል፤ ጉልበት ከተረፈው የሌላ ሰው መሬትም በእኩል ይይዛል። እሷ ሞፈር አትጨብጥም፤ በአገራችን ልማድ ሴት አታርስም። መሬቷን በእኩል ትሰጣለች፤ ምርቱ ሲገባ ግማሹን አራሹ ይወስዳል። በመጨረሻ ከአራቱ ጥማድ የሚደርሳት የአንዱ ጥማድ ምርት ነው። አንድ በሬዋንም ቀላቢ ስለሌላት ክረምት ሳይገባ ትሸጠዋለች። ችሎቱ እኩል ብሎ ፈርዶ ነበር፤ በዓመቱ ግን እሱ ሁለት እጥፍ ያስገባል። ይህን ፍርድ ቤት ሊያስተካክለው አይችልም፤ የመሬት አስተዳደርና የግብርና ባለሙያዎች ግን ትችላላችሁ። የእኩል ውል በቃልና በምስክር መሆኑ ቀርቶ በጽሑፍ ይሁንላት፤ ዘርና ማዳበሪያ የማን እንደሆነ፣ ገለባው ለማን እንደሚሆን፣ ውሉ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ተጽፎ እናንተ ዘንድ ይመዝገብ። የእርሻ ትራክተር ወደ ቀበሌ ሲመጣም ባል የሌላቸው ሴቶች መሬት ቀድሞ ይታረስ።

እስካሁን የተናገርኩት መሬት ስላላት ሴት ነው። የሌላትስ? በክልላችን በ1989 ዓ.ም በተደረገው የመሬት ድልደላ ብዙ ሴቶች በስማቸው መሬት አግኝተዋል። በኋላም መሬቱ ሲመዘገብ የባልና የሚስት ስምና ፎቶ በአንድ ደብተር ላይ ወጣ። ይህ ትልቅ ሥራ ነበር፤ እንደ ሴትም እንደ ማመልከቻ ጸሐፊም ምስክር ነኝ። ኒሃ ኩማርና አግነስ ኪሱምቢንግ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናትም የመሬት ምዝገባውን የሚያውቁ ሰዎች በፍቺ ጊዜ መሬትና ከብት እኩል ይካፈል ወደሚል አስተያየት ማዘንበላቸውን አሳይቷል። ነገር ግን በ1989 ገና ያልተወለደችው ልጅ ዛሬ ሚስት ሆናለች። ከድልደላው በኋላ የመጣ ትውልድ መሬት የሚያገኘው በውርስና በስጦታ ነው፤ በውርስ የመጣ መሬት ደግሞ የወራሹ የግሉ ነው። እሷ በባሏ መሬት ላይ አረሟን አርማ፣ ነዶውን ተሸክማ፣ ሲፋቱ «መሬቱ የአባቴ ነው» ይባላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው፣ አንዳንድ የተማረ ሰው ጭምር፣ የማያውቀው ነገር አለ። መሬቱ የግሉ ቢሆንም በጋብቻ ዘመን ከመሬቱ የተገኘው ሩዝ የጋራ ነው። የፌዴራሉ ሕግ አንቀጽ 62 ተጋቢዎቹ በጥረታቸው ያገኙትን ብቻ ሳይሆን ከግል ንብረታቸው የሚያገኙትንም ገቢ የጋራ ያደርገዋል። ከአባቷ ቤት ይዛት የመጣችው ጊደር የግሏ ናት፤ ጊደሯ የወለደቻቸው ጥጆች የሁለቱ ናቸው። የአባቱ መሬት የእሱ ነው፤ ያበቀለው ሩዝ የሁለቱ ነው። ስለዚህ መሬት የሌላት ወጣት ሚስት በፍቺ ቀን ልትካፈለው የምትችለው ትልቁ ሀብት ሰብሉና የሰብሉ ብር ነው፤ ማንም የማይቆጥረውም ይኸው ነው። ጊደሯም ብትሆን ትጠፋለች። ተሽጣ በሬ ከተገዛባት፣ በሬው በግሏ እንዲቆጠርላት ፍርድ ቤት ጠይቃ ማጸደቅ ነበረባት። በደስታው ዘመን ማን ይህን ያስባል? በፍቺ ቀን በሬው የጋራ ይሆንና የራሷን ጊደር ግማሽ ለባሏ ታካፍላለች።

ወጣቶቹን ለይቼ ማንሳቴ ያለ ነገር አይደለም። በ1982 ዓ.ም በተሰበሰበ አገር አቀፍ መረጃ ላይ የተሠራ አንድ ጥናት በኢትዮጵያ ከመጀመሪያ ጋብቻዎች 45 በመቶው በ30 ዓመት ውስጥ በፍቺ እንደሚፈርሱ፣ ከተፋቱት ሴቶችም ሁለት ሦስተኛው የሚፋቱት በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት እንደሆነ አሳይቷል። መረጃው የቆየ ነው። የማየው ነገር ግን ከዚያ ብዙ አልራቀም፤ ጠረጴዛዬ ፊት የሚቀመጡት አብዛኞቹ ልጅ አዝለው የሚመጡ ልጆች ናቸው።

ስለ ዕዳ ደግሞ ለእናንተ፣ ለባንኮችና ለብድር ተቋማት። ብድር ሲሰጥ ሚስት ትጠራለች፣ ትፈርማለች። መፈረሟ ጥሩ ነው፤ የፌዴራሉ ሕግም ከ500 ብር በላይ ለሆነ ብድር የሁለቱን ፈቃድ ይጠይቃል። (500 ብር በ1992 ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ አንድ ዶሮ ከዚያ በላይ ታወጣለች፤ ስለዚህ በዚህ ሕግ ላም ስትሸጥም ሞተር ሲሸጥም የሁለቱ ስምምነት ያስፈልጋል ማለት ነው።) ችግሩ ከፈረመች በኋላ ነው። ገንዘቡ ሲወጣ እሷ የለችም፤ የመክፈያ ወረቀቱ በእሱ ኪስ ነው፤ የተከፈለውና የቀረው አይነገራትም። በፍቺ ቀን የፈረመችበት ዕዳ ተቆጥሮ ይመጣል፣ በዕዳው የተገዛው ነገር ግን አይመጣም። ሕጉ አንዱ ተጋቢ ለቤቱ ጥቅም ያልተበደረውን ዕዳ የጋራ አያደርግም፤ ብሩ ምን ላይ እንደዋለ የምታሳይበት ወረቀት ከሌላት ግን በምን ትከራከራለች? የምጠይቃችሁ ቀላል ነው። የተፈረመው ውልና የመክፈያ ሠሌዳው አንድ ቅጂ በእጇ ይሰጣት። የሰብል ሽያጭ የሚገባበት የጋራ ሒሳብ፣ ሁለቱ ካልፈረሙ ገንዘብ የማይወጣበት፣ ለገበሬ ቤተሰብ ክፈቱ። አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) በሚል ስም የምናውቀው፣ ዛሬ ፀደይ ባንክ የሆነው ተቋም፣ ሴቶችን በቡድን አደራጅቶ በማበደር ነው ወደ ገጠሩ የገባው፤ ሴት ቆጥባ የምትከፍል መሆኗን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ኅብረት ሥራ ማኅበራትም አባልነቱን በባልና ሚስት ስም መዝግቡ፤ የትርፍ ክፍፍሉም ለሁለቱ ይነገር።

ለወረታ ከተማ አስተዳደር፦ ከገጠር መጥቶ ቦታ የሚገዛ ባለትዳር ገበሬ ካርታ ሲያወጣ የሚስቱ ስም አብሮ ይግባ። ላጤ ነኝ ካለ ማስረጃ ያምጣ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ከ2008 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ አለ፤ የጋብቻ ምዝገባው ግን ገና ገጠሩን አልያዘም። በቤተ ክርስቲያን ወይም በባህል የተፈጸመ ጋብቻ በሕግ ፊት እኩል የጸና ነው፤ ወረቀቱ ለሚስት የሚያስፈልጋት ባሏ «አላገባኋትም» ባለ ቀን ነው።

አባቶቼ፣ የሀገር ሽማግሌዎች፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። ብዙ ፍቺ ችሎት ሳይደርስ በእናንተ ፊት ያልቃል። በክልላችን ግጭት ከተነሳ ወዲህ መንገዱ አስተማማኝ ባለመሆኑ ከገጠር ወረታ ድረስ መመላለስ ለሴት የበለጠ ከብዷል፤ ስለዚህ የእናንተ ዛፍ ሥር ለብዙዎች ብቸኛው ችሎት ነው። በሬውን፣ ጎተራውን፣ ቤቱን በእውነት ታካፍላላችሁ። ብሩንም ጠይቁ። ባልየውን በያዘው እምነት አስምላችሁ ዘንድሮ ስንት ኩንታል ሩዝ እንደሸጠ፣ ለማን እንደሸጠ፣ ብሩ የት እንዳለ አናግሩት። ስምምነቱንም ጽፋችሁ ፍርድ ቤት እንዲያጸድቀው ላኩት፤ ያለዚያ ነገ ቢክድ መያዣ የላትም።

ይህ ልመና በአገራችን እንግዳ ነገር ተደርጎ እንዳይታይብኝ። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክራሚ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እስከ 19ኛው አጋማሽ ያለውን የቤጌምድር አማራ የሴቶች የንብረትና የክርክር ታሪክ ጽፎ አሳትሟል። ፎገራ የዚያው የቤጌምድር ምድር ነው። በጎንደር ዘመን የመሬት ሰነዶች ውስጥ ሴቶች ባለ ርስት ሆነው፣ ሲገዙና ሲሸጡ፣ ዳኛ ፊት ቆመው ሲሟገቱ ይታያሉ። ከባላባት ወገን የነበሩ ናቸው፤ ተራዋ የገበሬ ሚስት ያን ያህል አልነበራትም። ቢሆንም ሴት ንብረቷን አስጽፋ መሟገቷ ከውጭ የመጣ ነው ለሚለን ሰው መልሱ እዚሁ አገር ብራና ላይ አለ።

እህቶቼ፣ ከመሥሪያ ቤቶቹ መልስ እስኪመጣ እናንተም አትጠብቁ። የመሬት ደብተሩን ቅጂ፣ የጋብቻ ወረቀታችሁን፣ የብድር ውሉን በእናታችሁ ወይም በምታምኑት ሰው ቤት አስቀምጡ። ሩዙ መፈልፈያ ሲሄድ አብራችሁ ሂዱ፤ ስንት ኩንታል እንደሆነና የገዛውን ሰው እወቁ። ይህ ባልን መጠርጠር አይደለም፤ አብሮ የለፋ ሰው የልፋቱን ዋጋ ማወቅ መብቱ ነው። ደህና ትዳር ያላቸው ቤቶችም ይህን ሲያደርጉ አይቻለሁ፤ ባልየው ታሞ ሲተኛ ወይም ሲሞትባቸው ቤቱ ያልተበተነው በእነሱ ዘንድ ነው።

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣ ሩዙ ኅዳር ላይ መታጨድ ይጀምራል። ከዚያ በፊት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጣችሁ እንድትመክሩበት፣ የፍቺ መዝገብ በተከፈተ ዕለት ማን ማሳውን እንደሚያይ፣ ማን ለባንክ እንደሚጽፍ፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚያደርገው እንድትወስኑ፣ ውሳኔውንም በየመሥሪያ ቤታችሁ የማስታወቂያ ሰሌዳና በየቀበሌው እንድትለጥፉልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
አንዲት ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ወረታ